እንቁላል በክር

ልደታ፣ ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር የተቀቀለ እንቁላል የምትሸጥ ሴት አለች። ከሻሿ እስከ ጫማዋ ጥቁር ነው የለበሰችው። ጣቶቿን በሃይላንድ ውሃ ታለቀልቃለች፤ ነጩን ሳታቆስል ትልጣለች፤ ከዚያ የክር አንዱን ጫፍ በጥርሷ ይዛ በእንቁላሉ ወገብ ላይ ትጠመጥመውና ሳብ ታደርጋለች። እኩል ለሁለት ይከፈላል፤ አስኳሉ ቅንጣት አይፈረፈርም። ቀጠሮ የሚጠብቁ ባለጉዳዮች ግማሽ ግማሹን ይካፈሉታል። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ለእንቁላል ሲደረግ አይቼ አላውቅም።

"በቢላ አይቀልሽም?" አልኳት።

"ቢላ ወደ አንዱ ያደላል። እኔ ደግሞ እኩል ያልሆነ ነገር አልወድም።"

ይህን ስትል አንድ ጎልማሳ ከጠበቃው ጋር እየሳቀ ከግቢው ወጣ። እሱም ጥቁር ለብሷል፤ የሱ ግን አዲስ ሱፍ ነው። ፊቱ ቁርጥ እሷን ነው። እኛ ጋ ሲደርስ ሳቁን ዋጠ።

"ለኔም ስጪኝ እንጂ። ተኮራርፈን ልንቀር ነው?"

አንድ እንቁላል ላጠች። ክሩን ግን አላነሳችም።

"ያንተን አልቆርጠውም፣ ወንድምጋሼ። ሙሉውን ውሰድ። የእማዬንም ቤት ሙሉውን አይደል የወሰድከው? እኔ እሷን ሳስታምም፣ አንተ ስም ስታዛውር!"

አጎንብሶ መሬት መሬቱን አየ። እንቁላሉን በወረቀት አድርጋ ሰጠችው። ሚጥሚጣውን ግን አበዛችለት፤ እንደሚወድ ታውቃለች።