ያጠብሁት ግድግዳ

ግቢ ላጥብ ስጠራ መጀመሪያ የማንኳኳው የደንበኛዬን በር ሳይሆን የጎረቤቱን ነው። "ከዚህ ግቢ ጋር የሚዋሰነው ግድግዳችሁ ከምንድን ነው የተሠራው?" ብዬ እጠይቃለሁ። ደንበኞቼ ይስቁብኛል። አንዱማ "አንተ አጣቢ ነህ ወይስ የቀበሌ መሐንዲስ?" ብሎኛል። ቁጡ ነኝ፤ በሌላ ነገር ቢሆን መልሱን አያጣትም ነበር። በዚህ ነገር ግን አፌን ዘግቼ አንኳኳለሁ። ምክንያቱን ለማንም አስረድቼ አላውቅም።

ሥራዬ በግፊት ውሃ ማጠብ ነው። ባለ ሦስት እግር የጭነት ባጃጅ ላይ አንድ ትልቅ በርሜል፣ በቤንዚን የሚሠራ ፓምፕና ረጅም ጎማ ጭኜ ባሕር ዳርን እዞራለሁ። ላቫጆ ቤት መኪናው ራሱ ይሄዳል፤ እኔ ግን ወደ መኪናው እሄዳለሁ። መኪና ብቻም አይደለም፤ አጥር፣ የሆቴል ደረጃ፣ ምንጣፍ፣ ሐይቁ ዳር የሚቆሙ ጀልባዎች፣ ቆሻሻ የያዘው ሁሉ እንጀራዬ ነው።

መስከረም ሲጠባ ክረምቱ አጥር ላይ ያበቀለውን አረንጓዴ ዝልግልግ አስለቅቃለሁ። ጥር ላይ ታቦት በሚያልፍበት መንገድ ዳር ያለ ሰው ሁሉ ደጁን ያሳጥባል። መጋቢትና ሚያዝያ አቧራው የጎዳናውን ዘንባባ ሳይቀር ቡናማ ያደርገዋል፤ ያኔ ሰው እኔን ይፈልጋል፣ እኔ ደግሞ ውሃ እፈልጋለሁ፣ ቧንቧው በፈረቃ ነዋ። ኢድ ሲደርስ የነጋዴዎቹ ቤት ምንጣፍ ይጠብቀኛል፤ እዚያ ቤት ሳይበሉ መውጣት የለም። ሰኔ የምርቃት ወር ነው፣ ልጅ ያስመረቀ ሁሉ ግቢውን አሳጥቦ ድንኳን ይተክላል። ከሐምሌ ጀምሮ ግን ሰማዩ በነጻ ያጥባል፤ ከነጻ ጋር ማን ይወዳደራል? እኔም ፓምፔን ፈትቼ እየጠራረግሁ፣ ያለ ምክንያት ከሚስቴ ጋር እየተጣላሁ ክረምቱን እገፋለሁ።

ነገሩ የሆነው በአንዱ ሰኔ ነው። እዚሁ ሰፈሬ ሹም አቦ፣ ከቤቴ ብዙም የማይርቅ ግቢ ያላቸው አንድ የኮሌጅ መምህር ጠሩኝ። ከሌላ አገር በሥራ የመጡ፣ እዚህ ቤት ሠርተው የተቀመጡ ሰው ናቸው። ሴት ልጃቸው ተመርቃ ድግሱ በማግሥቱ ነበር። እኔ ደግሞ በዚያው ቀን ሦስት ግቢ ተቀብያለሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ የኔው ግን ተለቅሞም የሚያልቅ አልሆነም።

"እባክህ ቶሎ ቶሎ በልልኝ፣ ድንኳን ተካዮቹ እየጠበቁ ነው" አሉኝ መምህሩ። "ያቺንም ግድግዳ እንዳትረሳት። ልጄ ፎቶ የምትነሳው እዛ ጋ ነው።"

ያቺ ግድግዳ የሳቸው አልነበረችም። ከግቢያቸው ጋር የሚዋሰኑት ጠላ ጠምቀው የሚሸጡ አንዲት አሮጊት ናቸው፤ የቤታቸው የኋላ ግድግዳ ለመምህሩ እንደ አጥር ያገለግላል። የጭቃ ቤት ነው። መምህሩ በራሳቸው በኩል ስስ ሲሚንቶ አስለስነው ቀለም ስላስቀቡት ላላወቀ ሰው ብሎኬት ይመስላል። እኔ ግን አውቃለሁ። የእማማ እድርተኛ ነኝ፤ ቤታቸው ቁጭ ብዬ ስንት ቅዳሜ ጠላ ጠጥቻለሁ።

ማለት የነበረብኝ "መምህር፣ ይቺ ጭቃ ናት፣ ውሃ አይሆናትም፣ በእጅ ላሻሻት" ነበር። ያልሁት "ችግር የለም" ነው።

ጎማውን ከግድግዳው አንድ ስንዝር አስጠግቼ ለቀቅሁት። ወዲያው የትሪ ስፋት ያለው ልስን ተገምሶ እግሬ ሥር ወደቀ። ከውስጡ የጭድና የአሮጌ ጭቃ ሽታ መጣ። ውሃው እየተንቆረቆረ ወደ ግድግዳው ሆድ ሲገባ ሰማሁት። ቁልቁል ሳይ የግቢው መፍሰሻ በቅጠል ተደፍኖ ኖሯል፤ ጠዋቱን ሙሉ ስገፋው የዋልሁት ውሃ ሁሉ የግድግዳውን እግር ከቦ ተኝቷል።

ፓምፑን አጠፋሁ። መምህሩ ከድንኳን ተካዮቹ ጋር በር ላይ ነበሩ። ግራ ቀኝ አየሁና ከአበባው መደብ ጭቃ ዝቄ ቀዳዳውን ደፈንሁት፤ በእጄ መዳፍ አለሰለስሁት፤ ትልቁን የአበባ ማሰሮ ጎትቼ ፊቱ ላይ ገተርሁት። ልክ ያኔ እማማ ከወዲያ በኩል የፓምፑን ዝምታ ሰምተው ከግድግዳው ጎን ባለው አጥር ላይ ብቅ አሉ።

"ደከመህ ልጄ! እንካ፣ ጉሮሮህን አርጥብ" ብለው አንድ ጣሳ ጠላ አቀበሉኝ።

ጠጣሁት። በዚያ ጭቃ በለበሰ እጄ ተቀብዬ እስከ አተላው ጠጣሁት። ሌሎቹ ሁለት ግቢዎች እየጠበቁኝ ነበር። የእማማ በር ከቆምሁበት አሥር እርምጃ አይሞላም፤ ሄጄ "እማማ፣ ግድግዳዎን አበላሸሁት፣ ዝናቡ ሳይበረታ እንደግፈው" ብል አንድ ከሰዓት ይበቃን ነበር። እነግራቸዋለሁ፣ ዛሬ ግን ቸኩያለሁ አልሁ። በማግሥቱም እንዲሁ አልሁ። ሐምሌ ገባ።

ነሐሴ ላይ፣ ፍልሰታ እየተጾመ ሳለ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ያላባራ ዝናብ ጣለ። በሦስተኛው ቀን እማማ ቅዳሴ እንደሄዱ ግድግዳው ወደ ውስጥ ተናደ። ጩኸት ሰምተን ስንሮጥ ለጾሙ ፍቺ ጠላ የጠነሰሱባቸው አራት ጋኖች ከጭቃው ሥር ደቅቀዋል፤ ድፍድፉ ከጎርፉ ጋር ወደ በሩ ይፈሳል። ሰው አልተጎዳም። የሰፈሩ ሰው "ነፍስ ካልጠፋ ተመስገን ነው" አለ። እኔ በአበባው ማሰሮ በኩል ያለውን ፍርስራሽ ብቻ ነበር የማየው። መናድ የጀመረው ከዚያ ነው።

እማማ መጡ፣ አዩ። አላለቀሱም መጀመሪያ። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አጥብቀው ዙሪያውን ከቃኙ በኋላ "ስለቴን በልቼ ነው" አሉ።

ነገሩን ሁላችንም እናውቀዋለን። አንዲት ልጃቸው አረብ አገር ሄዳ ወሬዋ በጠፋ ጊዜ፣ በሰላም ከተመለሰች ለሰፈራችን ማርያም ጥላ አገባለሁ ብለው ተስለው ነበር። ልጅቱ ተመለሰች። ጥላው ግን ቆይ ለከርሞ፣ ቆይ ለከርሞ ሲባል ሁለት ዓመት አለፈው። አሁን በእመቤታችን ጾም፣ እሳቸው በደጇ ቆመው ሳለ ቤታቸው ተናደ። ከዚህ የበለጠ ምን ምልክት ይፈለጋል?

"ተቀይማኝ ነው" አሉና ያኔ አለቀሱ። "ሁለት ዓመት ታገሠችኝ፣ ሁለት ዓመት!"

አንዱ ጎረቤት "ኧረ የዝናቡ ነገር ነው እንጂ" ብሎ ወደ እኔ ዞረ። አፌን ከፈትሁ። ሰዓቱ ያ ነበር። "አዎ፣ ዘንድሮ ዝናቡ ከብዷል" አልሁ። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ራሴን ጠላሁት።

እድሩ ተሰብስቦ ግድግዳውን አቆመ። ጭቃ ማቡኪያ ውሃ ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ በዚያው በርሜል፣ በዚያው ባጃጅ። ከሁሉ ቀድሜ ጭድ ረገጥሁ፣ ከሁሉ ዘግይቼ ወጣሁ። ሰው አደነቀኝ። እማማ ደግሞ ምርቃቱን አዘነቡብኝ፤ "በርሜልህ አይጉደል፣ እጅህን ይባርከው፣ እንዳንተ ያለውን ጎረቤት ለሁሉም ይስጠው!" አሉ። ዕድሜ ልኬን እንደዚያ ቀን ተመርቄ አላውቅም። ቤታቸው ጠላ መጠጣቴን ግን ተውሁ፤ ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል፣ ሰው መሐል ያወጣብኛል ብዬ ፈራሁ። ከንስሐ አባቴም ሸሸሁ። ምን እንደሚሉኝ አውቃለሁ፤ "እኔ ዘንድ ምን አመጣህ፣ ወደ እሳቸው ሂድ" ነው የሚሉኝ።

ከዚያም እማማ የጆሮ ወርቃቸውን ሸጡ። ልጃቸው ከአረብ አገር ስትመለስ ያመጣችላቸው፣ ለክርስትናም ለሠርግም የሚያደርጉት እሱን ብቻ ነበር። ጥላውን ገዙና ወደ ቤተ ክርስቲያን እንዳደርስላቸው ጠየቁኝ። ዝናብ እንዳይነካው በላስቲክ ጠቅልዬ፣ በርሜሉን አውርጄ፣ በባጃጄ ጭኜ፣ እሳቸውንም አጠገቤ አስቀምጬ ወሰድሁት። በመንገዱ ላይ ሦስት ጊዜ ባጃጁን አቁሜ ልነግራቸው ቃጣኝ። ወርቁ አንዴ ተሽጧል፣ ጥላው አንዴ ተገዝቷል፣ አሁን ምን ይጠቅማል እያልሁ ነዳሁ። ፈሪ ሰው ምክንያት አያጣም።

ካህናቱ ጥላውን ተቀበሉ፣ እልልታ ቀለጠ። እማማ ግን አስረክበው ወደ ኋላ ተመለሱና ግቢው ውስጥ ካለው ጥድ ሥር ቆሙ። ወትሮ ከፊት ነበር የሚቆሙት። ካፊያው እየወረደባቸው ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ሸፍነው እዚያው አስቀደሱ። በሚቀጥለው እሑድም እንዲሁ። ከዚያም በኋላ እንዲሁ።

አንድ ቀን መንገድ ላይ አገኙኝና "አንተ እንዴት ታየዋለህ ልጄ፣ ይቅር ብላኝ ይሆን?" አሉኝ። ዓይን ዓይኔን ያዩኛል። ጆሯቸው ላይ ቀዳዳው እንዳይደፈን ጥቁር ክር አስረውበታል።

"ብላዎታለች እንጂ እማማ" አልሁ።

ጳጉሜ ገባች። እማማ ጭቃ ሲያነሱ ወገባቸውን ይዟቸው ስለነበር ወንዛዬ ፍል ውሃ ሄደው ሊታጠቡ ፈለጉ። ልጃቸው ሥራዋን ጥላ መሄድ አልቻለችም፣ እኔ ደግሞ በክረምት ሥራ ፈት ነኝ። በሚኒባስ ይዣቸው ሄድሁ። ከሴቶቹ ጋር ገብተው ታጠቡና ወጥተው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። በሶ በጠብጠው ለእኔ መጀመሪያ ሰጡኝ። የያዝሁትን ኩባያ መሬት አስቀመጥሁት።

"ምን ሁነህ ነው የማትጠጣ?"

"እማማ፣ ግድግዳው በስለት አይደለም የወደቀው።"

"ኧረ ተው ልጄ።"

"እኔ ነኝ የጣልሁት። በሰኔ የመምህሩን ግቢ ሳጥብ ልስኑን ገፈፍሁት፤ ውሃ ገባበት። አይቻለሁ። በጭቃ ደፍኜ፣ የአበባ ማሰሮ ገትሬበት፣ ጠላዎን ጠጥቼ ሄድሁ።"

ከውሃው የሚወጣው እንፋሎት ወደ እኛ መጥቶ ተመለሰ። የነጠላቸውን ጥለት በጣታቸው ሲያፍተለትሉ ቆዩና "አውቀህ ነው?" አሉኝ።

"መግፈፉ በችኮላ ነው። ዝም ማለቱን ግን አውቄ ነው። ለጋኑም ለወርቁም..."

"ጋን ይገዛል" አሉ አቋርጠውኝ። አልጮኹም፤ ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር። "ስለቱም የኔው ዕዳ ነው፣ ማግባቴ አይቆጨኝም። ግድግዳውንም ቁመህ ሠርተኸዋል። ግና አንተ ልጅ፣ ስንት ቀን ነው የጌታ እናት ፊቷን አዞረችብኝ ብየ የተኛሁ? ሥዕሏን ቀና ብየ ማየት አፍሬ፣ እንደ ርጉም ከውጭ ቁሜ አስቀደስሁ። አንተ ቁመህ ታየኛለህ። ይቅር ብላኝ ይሆን ብየ ስጠይቅህ፣ ያ አፍህ ምን ያዘው?"

ከሰኔ ጀምሮ ስፈራ የኖርሁት ስለ ጋንና ስለ ጭቃ ነበር። እሳቸው ከነሐሴ ጀምሮ የተሸከሙትን አንድም ቀን በራሴ ላይ አድርጌ አስቤው አላውቅም። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል በእጃቸው መለሱኝ።

"ተነሥ፣ መኪናው እንዳያመልጠን" አሉ። በሶውን ኩባያው ውስጥ ሳይነካ ትተውት ተነሡ። ሚኒባሱ ውስጥም ከእኔ ርቀው ከፊት ሴቶቹ መሐል ተቀመጡ።

በዘመን መለወጫ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሄድሁ። ዝናቡ ቆሟል፣ ግቢው በሰው ሞልቷል። ጥዱ ሥር ደርሼ እግሬ አልራመድ አለኝና እዚያው ቆምሁ። እማማ ከልጃቸው ጋር መጡ። ነጠላቸውን መስቀለኛ አጣፍተው፣ ፊታቸውን ገልጠው፣ በአጠገቤ አለፉ።

"እንኳን አደረሰዎ እማማ" አልኋቸው።

"እንኳን አብሮ አደረሰን" አሉ። ሳይቆሙ ደረጃውን ወጥተው ገቡ። እኔ ጥዱ ሥር ሆኜ አስቀደስሁ።