ድቧ ከጣና ወጣች

ዛሬ ጠዋት የታሪክ መምህራችን እኔንና ሕሊናን ጠርተው «የዐውደ ርእዩ የሰማይ ጥግ የእናንተ ነው» አሉን። ከደስታዬ የተነሣ ቦርሳዬን ክፍል ውስጥ ረስቼ ወጣሁ። እናንተ የዘጠነኛ ክፍል ልጆች ድቧን እንዴት እንዳገኘናት ስትጠይቁኝ ነው የሰነበታችሁት። እንግዲህ ቁጭ በሉ፤ እንደ አሮጌ አዳኝ ላውራችሁ።

የካቲት መግቢያው ላይ ነበር። ለጥንት ግሪኮች የዕለት ኑሮ ዐውደ ርእይ ሌሎቹ የገብሱን ዳቦ፣ የሱፉን ሽመናና የወይራ ዘይቱን ኩራዝ ተከፋፍለው ወሰዱ። ለእኛ ሌሊቱ ደረሰን። ስልክ የሌለው መርከበኛ ሰሜንን በምን ያውቅ ነበር? ትልቋ ድብ በሚሏት የከዋክብት ስብስብ። መምህራችን ግን በዓይናችን አይተን ካልሣልናት ጥጉን ለሌላ ቡድን እንደሚሰጡት ነገሩን። ግሪኮች «ድቧ ባሕር ገብታ አትታጠብም» ይሉ እንደነበር አንብበናል፤ ስለዚህ በፈለግነው ሰዓት ቀና ብንል እናገኛታለን ብለን ተማመንን።

አዳኞቹ ሦስት ነን፦ እኔ፣ የመሪጌታ ልጅ ሕሊና፣ ጠባቂያችን አባዬ። አባዬ የደሴ ሰው ነው፤ ጣናን የሚያውቀው ከሚሠራበት ፋብሪካ መስኮት ነው። መሣሪያችን ካርቶን ላይ የሣልሁት የሰማይ ካርታ፣ ዓይናችን ጨለማውን እንዲለምድ በቀይ ፌስታል የጠቀለልነው ባትሪ፣ በወረቀት የተጠቀለለ ቆሎ።

ዓባይ ከጣና በሚወጣበት በኩል ከባጃጅ ወርደን የታንኳ መሥሪያ በሆነው ደንገል ዳር ሄድን። ጭቃው ተደልድሎ እስከ ውኃው የሚወርድ ቦይ አገኘን። ታንኳ ለማድረቅ የሚጎትቱበት ነው አልሁ፤ ታንኳ ወጥቶ ካልደረቀ ይበሰብሳላ። ሰሜኑ ወለል ብሎ ስለሚታይ እዚያው ተቀመጥን።

መሸ። ድብ የለም። ወደ ምዕራብ በኩል አምስት ከዋክብት ተጣጥፈው አየሁና እሷ ናት አልሁ።

«ድብ አይተሽ ታውቂያለሽ?» አለችኝ ሕሊና።

«አላውቅም።»

«ታዲያ ብታገኚያትስ በምን ልትለያት ነው?»

አባዬ ደግሞ ካርታዬ ላይ ያለችው ድብ ያን ሁሉ ጅራት ከየት አመጣችው ብሎ ጠየቀ።  ካርታውን ገለበጥሁት፤ ባሰ። መጽሐፉ ነው የተሳሳተው ወይስ ሰማዩ? ባትሪውን አጥፍተን ሰሜኑን መጠበቅ ቀጠልን።

ያኔ አንድ ነገር ውኃው ውስጥ ኡፍ ብሎ ተነፈሰ። አባዬ እኔ ያስነጠስሁ መስሎት «ይማርሽ» አለኝ።

ሕሊና ባትሪውን አብርታ መሬቱን አየች። ቦዩ አንድ አይደለም፤ ሁለት ነው፤ በመሃሉ ሣር በቅሏል። አጠገቡ ሳህን የሚያክል ባለ አራት ጣት ዱካ አለ።

«ጋሼ» አለች ቀስ ብላ፣ «የተቀመጥነው የጉማሬ መንገድ ላይ ነው።»

ለግጦሽ የሚወጣበት ሰዓት ነበር። አባዬ ሁለታችንንም በክንዳችን ይዞ ከኋላችን ወዳለው ዋርካ ጎተተን። ካርታዬ እዚያው ቀረ። ጉማሬው እየረገጠው ሲያልፍ ጥቁር ግድግዳ የሚራመድ መሰለኝ፤ የጭቃ ሽታው አፌ ውስጥ ገባ። ዋርካው ትይዩ ሲደርስ ቆመ። የሕሊና ከንፈር ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ ግን የለውም። 

አለፈ። ግን ርቆ አልሄደም፤ በመመለሻችን ላይ ቆሞ መጋጥ ጀመረ። ታገትን።

ባያግተን ኖሮ ተስፋ ቆርጠን ቤታችን ገብተን ነበር። ከዋርካው ጀርባ ስንጠብቅ በሰሜን ምሥራቅ ከሐይቁ ላይ ከዋክብት ተራ በተራ ብቅ አሉ። መጀመሪያ ገላዋ፣ ቆይቶ ጅራቷ። ሰባት ናቸው።

«ትታጠባለች እኮ!» አለች ሕሊና።

አባዬ ሳቁን በእጁ አፈነው። የቆሎውን ወረቀት ፈትቼ ሣልኋት። ጉማሬው ወደ ደንገሉ ሲገባ ነው የተመለስነው።

መጽሐፉ አልዋሸም፤ የተጻፈው ሌላ ባሕር አጠገብ ነው። ግሪክ ከእኛ ወደ ሰሜን ስለምትርቅ ድቧ እዚያ አትጠልቅም፤ የእኛይቱ ግን ጣና ገብታ ትወጣለች። አሁን ማንኛውንም ነገር ሳነብ ጸሐፊው የት ቆሞ ነው እላለሁ። ያን ምሽት ማን ማንን እንዳደነ ግን እስካሁን ግራ ይገባኛል።

ሥዕሏ ዐውደ ርእዩ በር አጠገብ ተሰቅላለች። ሚያዝያ ላይ ደግሞ ድቧ ገና ሲመሽ ከፍ ብላ ስለምትታይ እንደገና እንወጣለን፤ ኑ። የምንቀመጥበትን ቦታ የምትመርጠው ሕሊና ናት።