ለአባቴ ልብ መንገድ ያዘዙት ዶክተር ቶላ

አላምንም! ዛሬ ጠዋት ደውለው "ዶክተር ቶላ አረፉ" ሲሉኝ "የቱ ቶላ?" ብዬ ጮህኩባቸው። ሰውዬው እኮ ባለፈው ሳምንት በእግራቸው ገበያ ሲወርዱ አግኝቻቸዋለሁ! ሰላም አሉኝ፣ በደንብ ሳልመልስ ጥለውኝ አለፉ።

ለማታውቋቸው ልንገራችሁ።

በደርግ ጊዜ ነው። እኔ የሃያ ሁለት ዓመት ታይፒስት ነኝ፣ አባቴ እዚሁ ናዝሬት ጨርቅ ይሸጣል። አንድ ቀን ደረቱን ይዞ ሱቁ ውስጥ ወደቀ። ከሆስፒታል ሲወጣ ዘመድ ጎረቤቱ ሁሉ "የልብ ሕመምተኛ አይነቃነቅም!" ብሎ አስተኛው። ጠያቂ መጥቶ ቀና ሊል ሲሞክር "በሞቴ፣ እንዳትነሳ!" ነው። እናቴማ ጫማውን ደበቀችው። ሁለት ወር አልጋ ላይ፣ ዓይናችን እያየ መነመነ።

ያኔ ዶክተር ቶላ መጡ። የወለንጪቲ ልጅ፣ ሞስኮ ተምረው የተመለሱ፣ ቀጭን፣ ቁጡ። ልቡን አዳመጡ፣ ማዘዣ ወረቀት አውጥተው ጻፉ፣ ማኅተም መቱበት፣ ሄዱ።

እናቴ ወረቀቱን ይዛ ፋርማሲ ተሰለፈች። ሻጩ ገና ከሩቅ አይቶት "አልቋል!" አላት። በዚያን ጊዜ ያላለቀ ምን ነበር! እያለቀሰች ተመለሰች። አዲስ አበባ ለሚሄድ ሾፌር ልትሰጠው ስትል ተቀብዬ አነበብኩት፦

"የእግር ጉዞ። ጠዋትና ማታ። መጀመሪያ እስከ መንገዱ ማጠፊያ፣ በየሳምንቱ ትንሽ እየጨመሩ እስከ ባቡር ጣቢያ። እያወሩ መሄድ በሚቻልበት ፍጥነት። ደረት ካመመ ወዲያው መቆም።"

"ይሄ ሰውዬ ሊገድልብኝ ነው!" አለች እናቴ።

በማግስቱ ዶክተሩ ራሳቸው መጥተው ጫማውን ከሳጥኗ አስወጡ። "ልብ ጡንቻ ነው፤ ጡንቻ ደግሞ ተኝቶ አይጠነክርም። ዴማ ጋሼ!" ዴማ በኦሮምኛ "ይሂዱ" ማለት ነው። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ሥራ ከመግባታቸው በፊት አብረውት ሄዱ። አባቴ ባቡር ጣቢያ የደረሰ ቀን እናቴ እልል አለች።

ከዚያ ቀበሌው አየው።

አባቴ ከእሁድ የቁፋሮ ዘመቻ በሐኪም ወረቀት ነፃ ነበር። ሊቀመንበሩ ስብሰባ ላይ አስነሳውና "ለዘመቻ የሚታመም፣ ለሽርሽር የሚድን ልብ! ይሄ አሻጥር ነው! ወይ ቤትህ ተኛ፣ ወይ ከፊታችን እሁድ ጀምሮ ቆፍር!" አለው። ያኔ "አሻጥር" የተባለ ሰው የት እንደሚገባ ሁሉም ያውቃል፤ መቼ እንደሚወጣ ግን የሚያውቅ የለም። አዳራሹ በሙሉ አንገቱን ደፋ። እኔም፣ ልጁ፣ መሬት መሬት አየሁ። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ከኋላ አንድ ሰው ተነሳ። የቀበሌያችን ነዋሪ ዶክተር ቶላ።

"ያዘዝኩት እኔ ነኝ። ቢቆፍር ይሞታል፣ መራመድ ቢያቆም ወደ አልጋው ይመለሳል። ሞስኮ ያስተማሩኝ ሕክምና ይሄ ነው። ጓድ ሊቀመንበር ሞስኮ ተሳስታለች የሚሉ ከሆነ፣ እዚህ ላይ ይጻፉልኝና ይፈርሙ።"

ማዘዣ ወረቀታቸውንና እስክሪብቶ ዘረጉለት። ሊቀመንበሩ እስክሪብቶዋን አያት፣ አልነካትም። ጉሮሮውን ጠረገና "ወደሚቀጥለው አጀንዳ" አለ።

አባቴ በማግስቱ ጠዋት ወጣ። ከዚያም በኋላ ዓመታት ሄደ። መንግሥት ሲገለበጥ ያ ሊቀመንበር ቢሮውን ጥሎ ጠፋ፤ አባቴ በዚያው በር ላይ ጠዋትና ማታ ያልፍ ነበር።

አሁን ልቤን የታመምኩት እኔ ነኝ። የእኔንም መንገድ ያዘዙልኝ ያው ዶክተር ቶላ ናቸው። ልጆቼ ግን ከጠዋት ጀምሮ "ቀብር አትሄጂም፣ ልብሽ አይችልም" እያሉ ቆመዋል። ሴት ልጄ ጫማዬን ደበቀችው። ቁርጥ አያቷን! አግኝቼዋለሁ ግን፣ አልጋዬ ሥር ነው፣ ይኼን ስታነብ ትስማ።

ዶክተር፣ ያን ቀን እርስዎ ለአባቴ ሲቆሙ እኔ አንገቴን ደፍቼ ነበር። ነገ አልደፋም። መኪናም አልገባም። ቀስ ብዬ፣ ስለ እርስዎ እያወራሁ፣ ደረቴን ካመመኝ ቆም እያልኩ፣ እንዳዘዙኝ እስከ መጨረሻው በእግሬ እሸኝዎታለሁ።

ዴማ ዶክተር። በሰላም ይሂዱ፣ ከኋላዎ ነኝ።