የኤቴልካ የበዓለ ሃምሳ ዳቦ

በእኛ በትራንሲልቫኒያ ሃንጋሪዎች መንደር የጌታ እራት ዳቦ የሚመጣው ከምእመን ቤት ነው፤ የሰጪውም ስም ከመድረክ ይነገራል። የበዓለ ሃምሳው ዳቦ መቼም የኤቴልካ ነው። «ሰው የሚድነው በጸጋ እንጂ በሥራው አይደለም» በማለት እሷን የሚያህል የለም፤ ስሟ ሲጠራ ግን አንገቷ እንዴት ብቅ እንደሚል ማየት ነበር። ባሏ ከሞተ ወዲህ የቀራት ክብር ይኸው ስለሆነ አልፈርድባትም።

ዘንድሮ በዋዜማው ሊጡን ምድጃ ከትታ ወደ ጓሮ ብትወጣ፣ የጎረቤቷ የፒሮሽካ ዶሮዎች ሰላጣዋን ይጭራሉ። ፒሮሽካ ሁለት ባል የፈታች፣ የፕለም አረቄ የማትጠላ፣ ቤተ ክርስቲያን አርፍዳ የምትገባ ሴት ናት። ኤቴልካ አጥሩን ተደግፋ ከዶሮዎቹ ጀመረች፤ ወደ አረቄው አለፈች፤ ባሎቹንም አልማረች።

«ነገ በምን ዓይንሽ ነው ማዕዱ ፊት የምትቆሚው?» አለቻት በመጨረሻ።

«እትዬ፣ ቤትሽ እየጨሰ ነው» አለች ፒሮሽካ።

ዳቦው ከሰል ሆኗል። ዱቄቱም አልቋል፤ ከጎረቤት መለመን ደግሞ ለኤቴልካ ሞት ነው።

በማግስቱ ባዶ እጇን ሄዳ ወንበሯ ላይ ኩምትር አለች። ወይ ውርደት! ቄሱ አሁን ምን ሊሉ ነው? ቀና ስትል ግን ማዕዱ ላይ እንደ ትራስ ያበጠ ነጭ ዳቦ ተቀምጧል። ቄሱም የዛሬውን ዳቦ የሰጡን ወይዘሮ ኤቴልካ ናቸው አሉ።

ዞር ብላ አየች። ፒሮሽካ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰዓቱ መጥታ፣ ክርኗ ላይ ዱቄት እንዳለ ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች።

ዝም ብትል ክብሯ ተረፈ። ግን እንዴት ትዋጠው? ብድግ አለች።

«የኔ አይደለም። የኔማ አርሯል። የሷ ነው።»

ሰው ሁሉ ወደ ኋላ ዞረ። የፒሮሽካ ፊት ቲማቲም መሰለ።

«በስምሽ ሰጠሁ፣ ሰጠሁ ነው። አልመልስም» አለች።

ቄሱ ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑና ስሙን ሳያርሙ ሥርዓቱን ቀጠሉ።

የሴቶች ተራ ሲደርስ ኤቴልካ እጇን ዘረጋች። መስጠት የለመደው እጅ ዛሬ ተቀባይ ሆነ። ጎረሰች። ከሷ ዳቦ ይጣፍጣል፤ ይሄ ደግሞ ይብስ አናደዳት። እንባዋ እየወረደ አላመጠችው። ዕድሜ ልኳን ስለ ጸጋ ስታወራ፣ መቀበሉ እንዲህ እንደሚከብድ አታውቅም ነበር።

ከኋላዋ የቆመችው ፒሮሽካ ጨው አንሶት እንደሆነ በሹክሹክታ ጠየቀቻት።

«ምንም አላነሰውም። ነይ፣ ቅረቢ» አለችና ቦታ ለቀቀችላት።