የተዋስነው በረዶ

በረዶ ብርጭቆ ውስጥ ሲንኳኳ በሰማሁ ቁጥር ፊቴ ይግላል። ሰው የድሬ ዳዋ ሙቀት ነው ይለኛል፤ እኔ ግን ሀፍረት መሆኑን አውቀዋለሁ፣ ድምፁ ጎትቶ መጋላ ሰፈር፣ ስድስተኛ ክፍል የተማርኩበት ዓመት ላይ ይጥለኛልና።

በጥቅምትና በኅዳር ግድ አልነበረንም፤ ውሃው እንስራ ውስጥ አድሮ ራሱ ይቀዘቅዝ ነበር። የካቲት አልፎ ሙቀቱ ሲበረታ ግን እናቴ ምሳ ከመቅረቡ በፊት ጆጉን አስይዛ፣ ግድግዳ ወደምንጋራቸው ወደ አዴ ኬሪያ ትልከኝ ነበር። በመንደሩ ፍሪጅ ያላቸው እሳቸው ብቻ ስለነበሩ፣ ውሃውን በጣሳ አግግረው ለየቤቱ ያድሉ ነበር። እናቴ «ሂጂ በረዶ ተዋሺልኝ» ትለኛለች እንጂ «ለምኚልኝ» ብላ አታውቅም። አዴ ኬሪያም «ሀዬ፣ ሳይቀልጥ ሩጪ!» ብለው ይሸኙኝ ነበር።

ግንቦት ላይ የእንግሊዝኛ መምህራችን «ቦሮው» እና «ሌንድ» የሚሉትን ቃላት ሰሌዳው ላይ ጽፈው፣ የመጀመሪያው ሊመልስ የሚወስድ ሰው፣ ሁለተኛው እንዲመለስለት የሚሰጥ ሰው ሥራ መሆኑን አስረድተው ሲያበቁ፣ ከየቤታችን ምሳሌ እንድናመጣ ጠየቁን። እኔ አንገቴን ደፍቼ ሳለሁ፣ አጠገቤ የምትቀመጠው የአዴ ኬሪያ ልጅ ሚስኪ እጇን አውጥታ፣ ወደ እኔ እያመለከተች፣ ለእነ ሰናይት በየቀኑ በረዶ «ሌንድ» እናደርጋለን አለች።

መምህሩ ሳቁ። «በረዶ ተጠጥቶ እንዴት ይመለሳል? እሱማ መስጠት ነው። ሰናይትም አልተዋሰችም፣ ተቀበለች እንጂ።»

ክፍሉ አውካካ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር። ሚስኪ «እንሰጣለን» በማለት ፈንታ «ሌንድ» ያለችው እኔን ላለማሳፈር እንደነበር የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው።

በማግስቱ ጆጉን አልይዝም አልኩ። እናቴ ተቆጥታ ስታውጣጣኝ ነገርኳት፤ እሷም ጆጉን መደርደሪያው ላይ ደፍታ አስቀመጠችው። ያን ሳምንት ለብ ያለ ውሃ ስንጠጣ ሰነበትን፣ እሷም በአዴ ኬሪያ በር ላለማለፍ ወደ ገበያ ዞራ ትሄድ ጀመር፣ እኔም ሁለቱን ቤቶች ያጣላሁ መሰለኝ። በመጨረሻ አዴ ኬሪያ ራሳቸው በረዶውን በሰሃን ይዘው፣ በላብ ተጠምቀው፣ ከች አሉ።

«አቦ፣ ምን በደልናችሁ? ፍሪጁ በረዶ ብቻ ሆነ እኮ!»

«ኧረ ምንም። ሁልጊዜ መቀበል ከብዶኝ ነው» አለች እናቴ፣ ነጠላዋን ወደ ፊቷ እየሳበች።

«ወላሂ፣ አሁን ተቀየምኩሽ። ሚስኪን ወልጄ ስተኛ ማነው ያረሰኝ? እሱን መልሼልሻለሁ?»

እናቴ በረዶውን ተቀብላ ሰበረችውና ጆጉን ከመደርደሪያው እንዳወርድ አዘዘችኝ።

ዛሬ ፎቅ ላይ ተከራይቼ እኖራለሁ፣ የራሴም ፍሪጅ አለኝ። ባለፈው ግንቦት ተበላሽቶብኝ ቤቱ እንደ ምድጃ ሲግል፣ በረዶ ልዋስ ፊት ለፊቴ ያለውን በር ላንኳኳ እጄን አነሳሁና ምን ብዬ እንደምጣራ ግራ ገባኝ፤ የሴትየዋን ስም አላውቀውም። ያን ሁሉ ጊዜ ደረጃው ላይ ስንተላለፍ ለሰላምታ ራሴን ብቻ እነቀንቅላት ነበር። በልጅነቴ ያፈርኩት ሁልጊዜ ስለምንቀበል ነበር፤ እዚያ በር ላይ ያፈርኩት ግን ለዚያች ሴት አንዲት ነገር ሰጥቼ ስለማላውቅ ነው። ሳላንኳኳ ተመልሼ፣ የታሸገ ውሃ ልገዛ ደረጃውን ወረድኩ።