ፕሮሰሰር የሚያፈጥነው ወንድሜ
ታናሽ ወንድሜ ሥራው ከርነል በሚሉት የኮምፒውተር ሥርዓት እምብርት ውስጥ ነው፤ ፕሮሰሰሩ መቼ እንደሚፈጥን፣ መቼ እንደሚያዘግም የሚወስነውን ፕሮግራም ይጽፋል። እሱ ራሱ ግን እግሩ አያርፍም። ሰሞኑን በሙከራው ማሽን ላይ ቪዲዮ እየተቆራረጠ አስቸገረው። እስከ ዓርብ ካላስተካከለ ሥራው ለሌላ ሰው ሊሰጥ ነው።

«ፕሮሰሰሩ ለቅጽበት ሥራ ሲፈታ ፍጥነቱን እቀንሳለሁ፤ ሥራ ሲመጣ ግን ቶሎ አይነሳልኝም» አለኝ፣ ልብስ በምተኩስበት ክፍል እየተንቆራጠጠ።

«እኔ አንዱን ሸሚዝ ጨርሼ ሌላውን እስካነሳ ካውያዬን አላጠፋም። አንተን ምን አጣደፈህ?»

ቀጥ ብሎ ቆመ። «እታለም፣ ይሄ እኮ ቢሮ ሙሉ ሰው የጠፋበት ነገር ነው!»

«ተኩሰው አያውቁማ።»

ፕሮግራሙን፣ የፕሮሰሰሩን ፍጥነት ከመቀነሱ በፊት ትንሽ እንዲጠብቅ አድርጎ ጻፈው። ቪዲዮው መቆራረጡን ተወ፤ ዓርብ ዕለት ሥራውን ተቀበሉት። እሱ ግን ያ መጠበቅ ባትሪ ይጨርስ ይሆናል ብሎ ሲጨነቅ ይኸው እስካሁን እህል አልቀመሰም።