ኢንስፔክተሩ አምባዛ

ዲንቄን ተቀምጣ ያያት ሰው ጥቂት ነው። ሰርግ እንኳ ብትጠራ ወንበሩ ጫፍ ላይ ትንጠለጠልና ወጡ ሳይዞር ተነስታ ሳህን መሰብሰብ ትጀምራለች። ባሏ አሻግሬ በባቡሩ ዘመን አቃቂ ጣቢያ የሠራ ሰው ነው። «የእኔ ሚስት ባቡር ብትሆን ኖሮ አንድ ጣቢያ እንኳ አትቆምም ነበር» ይላል። ጡረታ ከወጣ ወዲህ እሱ ደጃፉ ላይ ሬዲዮውን ታቅፎ ይውላል፤ እሷ በፊቱ ወዲህና ወዲያ ስትል ትውላለች።

የተወለደችው ኮዬ ፈጬ ነው። አባቷ ሽምብራ ይዘሩበት የነበረው እርሻ ላይ ዛሬ ኮንዶሚኒየም ቆሟል። በአውቶቡስ ባለፈች ቁጥር የትኛው ብሎክ የእነሱ ማሳ ላይ እንደሆነ ለማወቅ አንገቷን ታሰግጋለች። አንድም ቀን አውቃው አታውቅም።

አግብታ አቃቂ ወንዝ ዳር ስትገባ ወንዙ ገና ወንዝ ነበር። ልብስ ሲያጥቡ ከድንጋይ ሥር ሸርጣን እየወጣ ጣታቸውን ይቆነጥጣቸው ነበር። ሴቶቹ ይጮኻሉ፤ ከጩኸቱም ሳቁ ይበልጣል። ልጆች በአሮጌ ነጠላ ትንንሽ ዓሣ ያጠምዱ ነበር። መጀመሪያ የጠፋው ሸርጣኑ ነው። ማንም ልብ አላለውም፤ ሸርጣንን ማን ይናፍቃል? ቀጥሎ ትንንሾቹ ዓሦች ጠፉ። እንቁራሪቶቹ ከሁሉም በኋላ ቆዩ፤ ነገር ግን ድምፃቸው ከዓመት ዓመት እየሳሳ ሄደ። ውኃው አንድ ቀን ቀላ፣ ሌላ ቀን ጠቆረ፣ አንዳንዴም እንደ ሳሙና አረፋ ተሸክሞ መጣ። ከላይ በኩል ፍሳሽ የሚለቀቅበት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ማን እንደሚለቀው ግን፣ ጠይቀህ ብትመለስ ጫማህ ይቆሽሻል እንጂ መልስ አታገኝም።

ዲንቄ ያላት መሬት ከቤቷ እስከ ወንዙ የሚወርደው ቁራሽ ብቻ ነው። ሰላጣ፣ ቆስጣና ጎመን ትተክልበታለች። ውኃውን በሞተር ስባ ጓሮዋ ካለው ጉድጓድ ውስጥ ታጠራቅማለች። ጭቃው ሲዘቅጥ ወደ መደቦቹ ትለቀዋለች። አንድ ሰሞን ሳሪስ አቦ ገበያ ላይ «ይሄ የፍሳሽ ሰላጣ ነው» የሚል ወሬ ተነሳ። ሰው አንድ ቅጠል አንስቶ ያሸታል፤ መልሶ ያስቀምጣል። ዲንቄ የጠወለገ ሰላጣ የሞላ ማዳበሪያዋን ተሸክማ የተመለሰችባቸውን ቀናት እስከ ዛሬ ማንሳት አትወድም።

ያን ክረምት ወንዙ ሞልቶ ጓሮዋ ገባ። ሲመለስ ጉድጓዱ ውስጥ አንድ አምባዛ ትቶ ሄደ። ክንድ የሚያህል፣ ጥቁር፣ ጢማም ዓሣ ነው። አሻግሬ ጠብሶ ሊበላው ቢላ ሲስል ዙለይኻ መጣች።

ዙለይኻ የስልጤ ልጅ ናት፤ ሳሪስ አቦ የአትክልት ሱቅ አላት። የመጣችው ወሬው እውነት ይሁን ውሸት በዓይኗ ለማየት ነበር። ጉድጓዱ ዳር ቆማ አፍንጫዋን በሻርፗ ይዛ ሳለ አምባዛው ብቅ አለ፤ አፉን ከፈተ፤ ተመልሶ ሰመጠ። ወዲያው ደግሞ ብቅ አለ።

«እንዴ! ዓሣ አለው?»

«አለው» አለች ዲንቄ።

«ሲጫወት አየሽው? ወላሂ ዓሣ የሚኖርበት ውኃማ ምን ይሆናል! ሰው ዝም ብሎ ነው የሚያወራው።»

ዲንቄ አላረመቻትም። ለማረም የሚሆን እውቀትም አልነበራትም። ደግሞም ደስ ብሏት ነበር። አሻግሬ ቢላውን መልሶ አስቀመጠ።

ከዚያ ወዲያ አምባዛው ሥራ ያዘ። ዙለይኻ ለደንበኞቿ አወራችላቸው፤ የተጠራጠረ ካለ እየመጣ አየ። ከቂሊንጦ ፋብሪካ ሺፍት የወጡ ልጆች እንኳ ሰላጣ ሊገዙ ሲመጡ በስልካቸው ይቀርጹት ነበር። ቀኑን ሙሉ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ይወጣል፣ ይወርዳል። ስሙን ያወጣለት አሻግሬ ነው፤ «ኢንስፔክተር» አለው። «ውኃ ሳይመረምር ደሞዝ አይበላም!» ዲንቄም ወደደችው። በዚህ ግቢ ውስጥ እንደሷ አርፎ መቀመጥ የማይችል ሌላ ፍጥረት በመገኘቱ ሳይሆን አይቀርም።

ዘንድሮ ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል ዙለይኻ ደወለች። «እትዬ ዲንቄ፣ ሰው ሁሉ ቅጠል ሊበላ ነው። ያለሽን በሙሉ ለእኔ ያዥልኝ። ሌላ ሰው ጋ አልሄድም።» የዓመቱ ትልቁ ሽያጭ ነው፤ የዓመቱ ኑሮም ከዚያ ነው የሚወጣው። ዲንቄ ሞተሩን አስነሳች። የመጣው ውኃ ጥቁር ነበር፤ የተቃጠለ ፕላስቲክና የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል። እስከ ቀትር ሁለት እንቁራሪቶች ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተንሳፈፉ። ኢንስፔክተሩ ግን ከላይ አልወረደም። አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ ይከፍታል።

የዲንቄ ልብ ተሰነጠቀ። እንዲህ ያስደነገጣት ሰላጣው አልነበረም። እሱ ከሞተ ለሰው ምን ታሳያለች?

በባልዲ ቀድታ አውጥታ ቤት ጀርባ ወዳለው በርሜል ወሰደችው። በርሜሉ ውስጥ ያለው የቧንቧ ውኃ ነው። ቧንቧው በተራ ስለሚመጣ ሰንብቶ የተቀመጠ ነበር።

«አሁን እኔ ፊቴን በምን ልታጠብ ነው?» አለ አሻግሬ።

«ከኢንስፔክተሩ ጋር ተካፈል።»

«አለቃዬ ሆኖ ቀረ በይኛ!»

አምባዛው ግን ሰመጠና ቀረ። ዲንቄ ጎንበስ ብላ አየች፤ አልወጣም። ጎመኑን አርማ ተመለሰች፤ አልወጣም። ልብስ አስጥታ መጣች፤ እንደዚያው ነው። አንዴ ብቻ በዝግታ ብቅ አለ፤ ትንሽ አየር ጎረሰና ወረደ። ሲመሽ በባትሪ አየችው። ታችኛው ጥግ ላይ ተጋድሞ ጢሙን ብቻ ያንቀሳቅሳል።

«ታሟል» አለች።

«ተዪው፣ ይረፍበት።»

«ምን ያርፋል! የሚያርፍ ዓሣ ነው እንዴ? ሊሞት ነው እንጂ።»

እጇን አስገብታ ነካችው። በጅራቱ መትቶ ፊቷን ውኃ አለበሳት። የታመመ ዓሣ እንዲህ አይመታም። ቢሆንም አላመነችም።

በማግሥቱ ጉድጓዱ ትንሽ ጠርቶ ስላየችው መልሳ ጨመረችው። ጥልቅ ብሎ ወዲያው ወጣ። አፉን ከፈተ፤ ሰመጠ፤ ወጣ። ዲንቄ አጨበጨበች።

«ና እይ! ውኃው ናፍቆት ነው። ተጫወተ!»

አሻግሬ ከዘራውን ተደግፎ መጣና ከጎኗ ቆመ። ዓሣው ስንቴ እንደሚወጣ ቆጠረ። ቀልድ አልመጣለትም።

«ዲንቄ» አለ በመጨረሻ፣ «በድሬዳዋው ባቡር ሦስተኛ ማዕረግ ሰው እንደ ጆንያ ይታጨቅ ነበር። ከሙቀቱ የተነሳ ሁሉም ጭንቅላቱን በመስኮት ያወጣል። እኛ ጣቢያው ላይ የቆምነው አገር የሚያዩ፣ የሚዝናኑ ይመስለን ነበር። እጃችንን እናውለበልብላቸው ነበር። አንድ ቀን በተራዬ እዚያ ውስጥ ገባሁ።»

«እና?»

«አገር ማየት አይደለም። አየር ነው የሚፈልጉት።»

«አንተ ደግሞ ሁሉም ነገር ባቡር ይሆንብሃል!» ብላ ተቆጣችው። ነገር ግን ከዚያ በኋላ ዓሣው በወጣ ቁጥር የሚታያት ከመስኮት የወጣ ጭንቅላት ሆነ። አፉ እንደሚጫወት አፍ አልመስል አላት።

ባልዲውን አነሳች። ኢንስፔክተሩን ለሁለተኛ ጊዜ በርሜሉ ውስጥ ከተተችው። ሰመጠ፤ ታች ደርሶ ተጋደመ፤ ዝም አለ። እሷም አጠገቡ ካለው የልብስ ማጠቢያ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች።

አሻግሬ ሬዲዮውን ዘጋ። «ምነው፣ አመመሽ?»

«በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ታፍኖ ነበር» አለች። «እኛ ደግሞ እናጨበጭብለታለን።»

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰዳትም። ሰላጣው ደርሷል፤ ቆስጣው ቅጠሉ ሰፍቷል፤ ላዩን ሲያዩት ምንም የለበትም። ዙለይኻ ጠዋት ትመጣለች። ዓሣውን መልሶ ጉድጓዱ ውስጥ መጨመር የአንድ ባልዲ ሥራ ነው። ሁለት ጊዜ ተነስታ ባልዲውን ያዘች፤ ሁለቱንም ጊዜ አስቀመጠችው።

ጠዋት ባጃጅ ደጅ ላይ ጡሩምባውን ነፋ። ዙለይኻ ባዶ ማዳበሪያዎቿን አቅፋ ገባች፤ እንደ ልማዷም ቀጥ ብላ ወደ ጉድጓዱ አየች።

«ኢንስፔክተር የታለ? ፈቃድ ወጣ እንዴ?»

«በርሜል ውስጥ ነው። ነይ እዪው።»

ዙለይኻ ጎንበስ አለች። «ምን ሆኗል? ለምን አይጫወትም? ሞቷል እንዴ?»

«አልሞተም። እዚህ መተንፈስ ስለቻለ ነው። እዚያ ይወጣና ይወርድ የነበረው አየር አጥቶ ነው፣ ዙሌ። ጨዋታ አልነበረም።» ዲንቄ ጣቷን ወደ ጉድጓዱ ቀሰረች። «ውኃው ደህና አይደለም። ዓሣው የኖረው ጠንካራ ስለሆነ ነው። ሰላጣውን አልሸጥልሽም።»

ዙለይኻ ቀና አለች።

«ልጆቼ የሚበሉት ከዚሁ ነው» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ታውቂያለሽ? መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ትናንት።»

«ትናንት…» ዙለይኻ ማዳበሪያዎቹን አጠፈቻቸው፤ መልሳ ፈታቻቸው፤ መልሳ አጠፈቻቸው። «ዓሣ የሚኖርበት ውኃ ምን ይሆናል ያልኩት እኔ ነኝ። ለስንቱ ሰው ማልኩ!»

«እኔም ደስ ብሎኝ ነው የሰማሁሽ።»

ዙለይኻ ሳትሰናበት ወጣች። ዲንቄ እስከ በሩ ተከተለቻት። ባጃጁ የጎረቤት አትክልት ቦታ ጋ ሲደርስ ዘገየ፤ እዚያም ያው ወንዝ በሞተር እየተሳበ ነበር። ዙለይኻ አንገቷን አውጥታ አየች። ከዚያ ባጃጁ ባዶውን ወደ አስፋልቱ ወጣ።

ዲንቄ ቆማ አልቆየችም። ሁለት ጀሪካን ይዛ ወደ ቦኖው ሄደች፤ ሞልታ መጣች፤ ቤቱ ጥግ ካለችው ከትንሿ መደብ ላይ አሮጌውን ሰላጣ ነቅላ ጣለችና አዲስ ችግኝ አጠጣች። ለሌሎቹ መደቦች አይደርስም፤ ያንንም ታውቃለች። ሌሎቹ ፀሐይ ላይ መጠውለግ ጀምረዋል።

«ስንት ጊዜ ልትመላለሺ ነው?» አላት አሻግሬ።

 ባዶ ጀሪካኖቿን አንስታ በበርሜሉ በኩል አለፈች። ኢንስፔክተሩ ታች ተጋድሟል። ቀና ብላ ወንዙን አየች፤ አረፋውን ተሸክሞ ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ይወርዳል። እዚያ ውስጥ ገና ስንት አፍ ወደ ላይ እንደተከፈተ እያሰበች ፈጠን ብላ ወጣች።